አንብቤያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ

ሁሩታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሩዋይዳ፣ ባለሽበት ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ በሰው አገር ከሰው በታች አያድርግሽ፣ ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል፤ ብርዱም መጥቷል። እናትሽም ደህና ናት ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን እንደዚያ ብጽፍ አታምኚኝም።

በስልክ ለምን አያናግሩኝም ብለሽ ለፈይሩዛ ቅሬታ ነግረሻታል አሉ። ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ሲፈጭ የኖረ ሰው ጆሮ ስልክ ላይ የሚሰማው ወፍጮውን ነው። ቀኙ ጭራሽ ሞቷል፤ ግራው ሰው ተጠግቶ ካልጮኸበት አይሠራም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ፈይሩዛም ኮፒ ቤቷ ውስጥ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺ የምትጽፊውን ደግሞ በትልቁ አትማ ትሰጠኛለች። አላህ ይስጣት፣ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ወደ እናትሽ ልመለስ። የላክሻቸው ክኒኖች በዚያች ከጅዳ በተመለሰችው ሴት እጅ ደርሰዋል። መውሰድ ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት የድሮዋ ሀሊሜ ናት፤ ትሰድበኛለች፣ ትስቃለች። ከቀትር በኋላ ነው ዓይኗ የሚከደነው። እህል ስታላምጥ መንጋጋዋ ይደክማትና መሀል ላይ ታቆማለች። ባለፈው ገበያ ላይ የሰላምታ መልስ ሲያቅታት «ልጇ ዓረብ አገር ሄደችና ኮራች» ብለው አሟት። ቤት ገብታ አለቀሰች።

አሁን የምጠይቅሽ፦ አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪሙ የሰጠን ወረቀት አለ። ከላይ በቀይ የተጻፈ፣ ከታች ወደ አሥራ ሁለት የሚሆን የመድኃኒት ስም የተደረደረበት። በእንግሊዝኛ ነው። እናትሽ የሚገዛ መስሏት «ለምን ገዝተህ አታመጣልኝም፣ ሰሰትክብኝ?» ትለኛለች። እኔም ከነገ ወዲያ አሰላ ወርጄ ልገዛው ነው። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አይተሽ ምን እንደሆነ ንገሪኝ።

ላንቺ ጸሎት የማያጓድለው አጎትሽ፣ ከዲሮ


ጅዳ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለከዲሮ

ወአለይኩሙሰላም አጎቴ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ያን ሰላምታዎን ሳነበው ሁሩታ ደርሼ የተመለስኩ ይመስለኛል። ግን ዛሬ ሰላምታ ላሳጥር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

አይግዙ! ወላሂ ልቤ ቆሞ ነበር። ያ ዝርዝር የሚገዛ አይደለም፤ የሚከለከል ነው! በቀይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ይህች ታካሚ ማያስቴኒያ የሚባል የጡንቻ ድካም በሽታ አለባት። ከዚህ በታች ያሉትን መድኃኒቶች መስጠት መተንፈስ ሊያቆምባት ይችላል።» መተንፈስ፣ አጎቴ። ዓይን የሚከድንባት በሽታ ሲብስ ደረቷንም ይይዛል። ለሌላ ሰው ለትኩሳት የሚሰጥ መርፌ ለእርሷ መርዝ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ ቀን ትኩሳት ይነሳባትና ይሮጣሉ፤ እዚያ የሚያውቃት የለም፤ የተለመደውን መርፌ ያዛሉ። ስለዚህ፦ ወረቀቱን ኮፒ ያስደርጉ፣ ፈይሩዛ ፕላስቲክ ታልብሰው፤ ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ያሳዩ። ደግሞ አንድ ነገር በእጅዎ ነው። እዚያ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚው አይደለም? ማዘዣ ሲሰጥዎ ፊደሉን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ። ካለበት አይግዙ። እርስዎ ካልገዙት ማንም ሊወጋት አይችልም።

እኔ እዚህ የማስታምማት አሮጊት ሐጃ ኩላሊቷን ያማታል፤ የማይስማማት መድኃኒት ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፤ ሆስፒታል ስንሄድም ከእጇ አምባር ላይ ያነቡታል። ለሰው እናት መድኃኒት በደቂቃ እየቆጠርኩ እያስዋጥኩ የራሴን በደብዳቤ እጠብቃለሁ። ያንገበግበኛል። ስልኬን ደግሞ አሠሪዬ ማዳም ቀን ላይ ትይዘዋለች፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው የምትመልስልኝ። በቀን ቢቸገሩ አላገኝዎትም፤ ለዚህ ነው አሁኑኑ የምለፈልፈው።

እናቴን ይሳሙልኝ። አጎቴ ስስታም አይደለም ብላለች ይበሏት።

ልጅዎ ሩዋይዳ


አሰላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩዋይዳ

አላህ ልብሽን ያጽናው። ይህን በሚኒባስ ለፈይሩዛ ሰድጄ ነው የምትልክልሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

እናትሽ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት፤ የሚተነፍስላት ማሽን ነው። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። በሕይወት አለች። ከዚህ በፊት ያልጻፍኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው።

እንዲህ ሆነ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ወገቤን ብላ ተነሳች፤ ሰውነቷ እሳት ነበር። በሚኒባስ ይዣት መጣሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፈውም፣ ሰው ማማት ይሆንብኛል። ወረቀቱን ፕላስቲክ ለብሶ በደረት ኪሴ ይዤ ነበር፤ ወላሂ እንዳልሽው ነው ያደረግሁት። ካርድ ክፍል ሰጠሁ፤ «እዚህ አይደለም» አለኝ በእጁ። መጀመሪያ ያየቻት ነርስ ተቀብላ ሳታየው ከካርዱ ሥር ሻጠችው። አውጥቼ ለሌላዋ ሰጠሁ፤ «ይቀመጡ አባ» አለችኝ። አራተኛ ያሳየሁት ዶክተር ብሩህ የሚባለውን ወጣት ነው። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ማህተሙ የግል ክሊኒክ ነው አለ። ኢንፌክሽኑ ነው የሚገድላት፣ የዓይን ጉዳይ በኋላ ይታያል አለ። ይህን ሁሉ የነገረኝ በጆሮዬ ተጠግቶ ነው፤ ሌላው ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ነው የማየው። ሩዋይዳ፣ ደንቆሮ ሰው ሲከራከር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እኔ ድምፄ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አላውቅም። ዘወር ስል ሰው ሁሉ ያየኛል። ጮኼ ኖሯል።

ማዘዣ ጻፉ። ጄንታማይሲን። እኔ ዙህር ልሰግድ ወጣ ባልኩበት፣ ከሲሬ የመጣ አንድ ጠያቂ ማዘዣውን አልጋዋ ላይ አይቶ፣ ሊረዳን ብሎ፣ ሮጦ ገዝቶ ሰጣቸው። ስመለስ ተወግታለች። በዐስር ሶላት ሰዓት አንገቷን ማቅናት አቃታት። ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ነርሷ «ድምፅ የላትም» ስትል ነው የገባኝ፤ እኔማ መቼ እሰማና። ከዚያ ከንፈሯ ጠቆረ።

አሁን ዝርዝሩን አንብበውታል። ከተወጋች ወዲያ። የምጠይቅሽ ሌላ ምንም የለም፤ ክኒኑ እንዳያልቅባት ላኪ። ዱዓ አድርጊ።

አጎትሽ ከዲሮ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም። አራት ቀን? አራት ቀን ሙሉ እኔ እዚህ የሰው ቤት ምንጣፍ ሳራግፍ እናቴ በማሽን ትተነፍሳለች?

ስሙን ከፈይሩዛ ጠይቄ ሆስፒታሉ ደወልኩ። አንዷ አንስታ «በስልክ መረጃ አንሰጥም» ብላ ዘጋችብኝ። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ አለቀስኩባት፤ እሷም ሰማችኝና ዘጋችው። አዲስ አበባ ያለውን ሐኪም በመከራ አገኘሁት፤ «ይደውሉልኝ፣ በማንኛውም ሰዓት አነሳለሁ» ብሏል። ቁጥሩን በትልቁ ከታች ጽፌዋለሁ። ይስጧቸው። እጃቸው ላይ ይጻፉባቸው!

ያ የሲሬ ሰው ማን ነው? የማን ዘመድ ነው? ስሙን እፈልጋለሁ። በደግነት ነው ይሉኛል፤ ደግነቱን አላህ ለራሱ ያድርግለት! የሰው በሽተኛ አልጋ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ማን አንሳ አለው? አሥር ጠያቂ እየመጣ አሥር ዓይነት ነገር የሚያደርግባት አልጋ! እርስዎን አይደለም የምቆጣው። እርስዎን አይደለም። ስሙን ግን ይላኩልኝ።

ትንፋሿን ይቁጠሩልኝ። በየቀኑ ይጻፉልኝ፣ አንድ መስመርም ቢሆን።

ሩዋይዳ


አሰላ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩዋይዳ

አልሐምዱሊላህ። ትናንት ማሽኑን አወጡላት። በራሷ ትተነፍሳለች። አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው፤ ግን ትተነፍሳለች። ሐኪምሽ ደውለውለት ክኒኑን በቱቦ ሰጥተዋታል። ዛሬ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ዋጠች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሁሩታ እንወስዳታለን።

የሰውየውን ስም ምን ያደርግልሻል። ያለፈ ነገር ነው። እርሱም ማወቁን እንጃ።

ከዲሮ


ጅዳ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎን አንብቤ ሱጁድ ወረድኩ፤ ማዳም ወድቃ ነው ብላ ጮኸች። እስቃለሁም አለቅሳለሁም። አጥሚት ዋጠች! ሁለት ማንኪያ!

አሁን ልብ ይበሉኝ፣ ይህ ነገር ይመለሳል። ሐኪሙ «አንድ ጊዜ የተከሰተባት ሰው ሁለተኛውን ትፈራለች» ብሎኛል። ሁለተኛውን የሚያይ ሰው ደግሞ ዶክተር ብሩህ አይሆንም፤ ሌላ ተረኛ፣ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው፤ ያኛው የተማረውን ይኼኛው አያውቀውም። እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ምን እናድርግ? እኔ ልምጣ? ኮንትራቴ ስምንት ወር ይቀረዋል፤ ጥዬ ብመጣ ሁለተኛ አያስገቡኝም፣ ክኒኑም እዚያ አይገኝም። ብቀር ደግሞ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆምላት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት እንደምመርጥ ይንገሩኝ። ወላሂ አእምሮዬ ቆሟል።

የሲሬውን ሰው አልረሳሁትም። ስሙን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሩዋይዳ


ጅዳ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ምነው ጠፉ? አንድ ወር አለፈ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ፈይሩዛን ጠየቅኋት፤ «ይመጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከኪሳቸው ወረቀት ያወጣሉ፣ መልሰው ከተው ይሄዳሉ» አለችኝ። እናቴን ማዳም ስልኩን ሳትወስድብኝ በማለዳ አናገርኳት፤ ጠዋት ድምፅ አላት፤ «አጎትሽ እህል አይበላም» አለችኝ። አመምዎት እንዴ? እኔ አስቀየምኩዎት? ተቆጥቼ ከሆነ የተቆጣሁት ለእናቴ ነው፤ ያውቁኝ የለ።

እባክዎ ይጻፉልኝ። ረመዷን ሊገባ ነው፤ ተቀያይመን አንግባ።

ሩዋይዳ


ሁሩታ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሩዋይዳ

አሰላሙ አለይኩም። ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ። ዝም ስላልኩሽ አውፍ በዪኝ። ዛሬ ሁለት ነገር ልጽፍልሽ ነው። አንደኛው ደስ ይልሻል። ሁለተኛውን ስታነቢ ምን እንደምትዪኝ አላውቅም።

ባለፈው ረቡዕ ሀሊሜ እንደገና ታመመች። ሳል፣ ትኩሳት፣ ከደረቷ የሚያፏጭ ነገር። እንደገና ሚኒባስ፣ እንደገና ያው ድንገተኛ ክፍል። አንቺ እንዳልሽው ሰዉ ሌላ ነው፤ አንድ የማውቀው ፊት የለም። ወረቀቱን ሰጠሁ። ያቺው ነገር! ተረኛዋ ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስቴቶስኮፕ ጫነችበት። ከዚያ ማዘዣ ጻፈች። በር ላይ ቆሜ ፊደል በፊደል አመሳከርኩት፣ ድሮ የጆንያ ምልክት እንደማመሳክረው። ሲፕሮፍሎክሳሲን። ከዝርዝሩ ሁለተኛው።

ተመልሼ አሳየኋት። ተናገረች፤ አልሰማሁም። ጆሮዬን ጠቆምኩ። ተጠግታ በመጮህ ፈንታ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፈችልኝ፦ «ካልገዙ እህትዎን እየገደሏት ነው።» ልጄ፣ ሰው ሲሰድበኝ ብዙ ጊዜ አልሰማም፤ ተገላግዬ እኖር ነበር። ይህን ግን አነበብኩት። ወረቀቱ ብትሰጧት ትሞታለች ይላል፣ ዶክተሯ ባትሰጧት ትሞታለች ትላለች፣ መሀላቸው ያለሁት ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የወፍጮ ሠራተኛ ነኝ። አንቺ ስልክሽ ማዳም ዘንድ ነው። የአዲስ አበባውን ቁጥር ሰጠኋት፤ ኪሷ ከተተችው። ዞር ብዬ ሀሊሜን አየኋት፤ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች፣ አንዱ ተከድኗል።

ወጣሁ። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፋርማሲና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎን ለጎን ናቸው። ፋርማሲው በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሱቁ ገባሁና ደብተር ገዛሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ወፍጮ ቤት ስሠራ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሰዎች ስንት ወረቀት ስናመጣ «ጠረጴዛ ላይ ተወው» እንባል ነበር፤ ማንም አያነበው። ፈርም የተባለ ቀን ግን የማያነብ ሰው አላየሁም። ሊቀ መንበሩ እንኳ መነጽሩን ፍለጋ ቤቱ ይልክ ነበር። ፊርማ ነገ የሚጠየቁበት ነገር ነው። ደብተሩን በማስመሪያ አሰመርኩና ጻፍኩበት፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ባለሙያ፣ የወይዘሮ ሀሊሜን የተከለከሉ መድኃኒቶች ዝርዝር አንብቤ፣ ይህ መድኃኒት እንዲሰጣት አዝዣለሁ። ስም፣ ፊርማ፣ ሰዓት።»

ተመልሼ ዘረጋሁላት። «አንብቤያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ፤ አሁኑኑ ሮጬ እገዛለሁ» አልኳት። ፊቷ ተቀያየረ። «ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» ስትል ከከንፈሯ ገባኝ። ጥበቃ ጠሩ። ልጁ ክንዴን ያዘኝ፤ የአልጋውን ብረት ጨብጬ አልለቅም አልኩ። ጮኼ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ቆመ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሩዋይዳ። አምስት ሰዓት ሙሉ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ትኩሳቷ ነበር፤ እጄ ላይ ይፈላል። ተሳስቼ ከሆነስ? በየደቂቃው እሱን ነው የማስበው። አንድ ሦስት ጊዜ ልገዛ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ያ ረቢ፣ አንድ ሰው ላክልኝ እያልኩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቢላ የምትባል ሲስተር ተረኛ ሆና ገባች፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ ችኩል። ነገሩን ሰማችና ቆጣ ብላ «አምጡት፣ እኔ ፈርሜ ልገላግላችሁ» አለች፤ በግራ ጆሮዬ ነው ያለችው። ስክሪብቶ አወጣች። መነጽር አደረገች። ዝርዝሩን ከስቴቶስኮፑ ሥር ሳበችና አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ስክሪብቶውን ከደነችው። ወረቀቱን ይዛ ዶክተሯ ጋ ሄደች። ሁለቱም ስልክ ላይ አጎነበሱ፤ ዶክተሯ ቁጥሩን ከኪሷ አውጥታ ደወለች። ረጅም አወራች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የመጀመሪያውን ማዘዣ ከእጄ ተቀብላ ቀደደችው፤ ሌላ ጻፈች፤ ሴፍትሪያክሶን፣ ዝርዝሩ ላይ የለም። ከዚያ ሳልጠይቃት ደብተሩ ላይ ስሟን፣ ፊርማዋን፣ ሰዓቱን ጻፈች። ሲስተር ነቢላም በፕላስተር ላይ «ከመታዘዙ በፊት ዝርዝሩ ይነበብ» ብላ ጽፋ ከእናትሽ አልጋ ራስጌ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ የመጣ ተረኛ ሁሉ ፈርሟል። ሰባት ፊርማ አለኝ። ትናንት ቤት ገብተናል፤ ትኩሳቷ ወርዷል፣ ትንፋሿ የራሷ ነው።

ሁለተኛው ነገር።

የሲሬ ሰው የለም። ማንም ጠያቂ አልመጣም። ጄንታማይሲኑን የገዛሁት እኔ ነኝ።

አመሳክሬዋለሁ። እንዳልሽኝ ፊደል በፊደል። ከላይ ሦስተኛው ነበር። ይዤ ተመለስኩና ለዶክተር ብሩህ አሳየሁት። ያ ልጅ ደግ ነው፣ ችግሩም ደግነቱ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆሞ ወንበር የሰጠኝ እሱ ብቻ ነበር። ትከሻዬን ይዞ በጆሮዬ «አባቴ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ እናቴ ብትሆን ይህንኑ ነው የምሰጣት» አለኝ። ምን ልበለው? አላምንህም ልበለው? እንደዚያ ያከበረኝን ልጅ ሰው ፊት ማዋረድ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አፈርኩ። ሄጄ ገዛሁት፤ በእጄ ይዤ መጥቼ በእጄ ለነርሷ ሰጠሁ። ነርሷ ስትወጋት ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ፈይሩዛ ጋ እየተመላለስኩ መስጠት ያቃተኝ ወረቀት ይህ ነው። አሁን አወቅሽ።

ከዲሮ


ጅዳ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ኩሽና ቆሜ አነበብኩት። የሐጃ ሾርባ አረረ።

ሦስት ወር ያን የሲሬ ሰው ስረግመው ኖሬአለሁ። ስሙን ስለማላውቅ «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቀዋለህ» እያልኩ በየሶላቱ ረገምኩት። በረመዷን ሳይቀር። ያ ሁሉ እርግማን ማን ላይ ሲወርድ እንደከረመ ያወቅሁት ዛሬ ነው። እናቴ እህል አይበላም ስትለኝ የነበረው… ለምን አልነገሩኝም? እኔንስ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አስረገሙኝ? ተናድጄብዎታለሁ። አልዋሽም፣ በጣም ተናድጄብዎታለሁ። ስለ ረቡዕ ደግሞ እጅዎን ይዤ ብስመው ደስታዬ ነው። ሁለቱም በአንድ ደረት ውስጥ አሉብኝ፣ ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም።

እርግማኑን አንስቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየሶላቱ አነሳዋለሁ። ይቅርታውን ግን እኔ ልሰጥዎ አልችልም፤ ማሽን ሥር የተኛሁት እኔ አይደለሁም። ለእናቴ ይንገሯት። ጠዋት፣ ድምፅ ሲኖራት። ያለችውን ይጻፉልኝ።

ሩዋይዳ


ሁሩታ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩዋይዳ

አላህ ከዚያ ሁሉ ዱዓሽ የሚበጀንን ይምረጥልን።

ነገርኳት። ዛሬ ጠዋት፣ ክኒኗን ከወሰደች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ። ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር፤ ግን ድምፄን መቼ አውቀውና፣ ጮኼ ኖሮ መንገደኛ ቆመ፣ ፈይሩዛም ከኮፒ ቤቷ ሮጣ መጣች። አላቋረጥኩም። ዶክተሩን፣ ወንበሩን፣ ማፈሬን፣ ክንዷን መያዜን፣ ላንቺ መዋሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሀሊሜ ገብስ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠች። አየችኝ፤ ሁለቱም ዓይኗ ተከፍቷል። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምፅዋ ገና ቀጭን ነው፣ አልደረሰኝም። ደግሚልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ደከማት መሰለኝ፣ ሰፌዷን መልሳ አነሳች።

ፈይሩዛን ምን አለች አልኳት። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ወደ ግራ ጆሮዬ መጥታ ነገረችኝ። በኦሮምኛ ነው ያለችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ታዲያ ካንተ ሌላ ማን አለኝና ይግዛልኝ?»

ይኸው ነው ያለችው። አንቺ መልስ ካለሽ ጻፊላት።

አጎትሽ ከዲሮ